ሲም ካርድ ዋጠች የተባለችው ሰገነት

ወልቂጤ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ሰገነት ሲም ካርድ ዋጠች ተባለ። ወሬው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሱቋ ወጣ፤ በሚኒባስ ተሳፍሮ ቡታጅራ ደረሰ፤ ረቡዕ ሲመለስ ሁለት ሲም ሆኖ ነበር። ሐሙስ ዕለት ስልኩንም ጨምራለች የሚሉ ተገኙ። ዓርብ ላይ ሆዷ ውስጥ ሲጠራ የሰማም አልታጣ። አንዲት ደንበኛዋማ ቀሚሷን ልትቀበል ሄዳ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሰላምታም ሳታቀርብ፣ «እትዬ፣ ንዝረት ላይ አድርገሽዋል?» አለቻት።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሲሙን አልዋጠችውም፤ በከንፈሯ ነው የያዘችው። ሠላሳ ዓመት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ የኖረች ሴት፣ ትንሽ ነገር ስትጨብጥ እጇ ወዴት ይሂድ? የቀሚስ ቁልፍ ብትሰጧት ወደ ከንፈሯ ነው፤ ሳንቲም ብትመልሱላትም ወደ ከንፈሯ። ግን ሲሙን ከስልኩ አስፈልቅቆ ከንፈሯ ላይ ያደረሰው ነገር ከወሬው ይበልጣል። እኔ ወሬ ጠልቼ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ እውነቱ ከወሬው ሲጥም ወሬውን የምተወው እኔው ራሴ ነኝ።

ሰገነት የተወለደችው እምድብር አጠገብ ነው። ስፌት ያስተማሯት ሚሽን ቤት የነበሩ ሲስተሮች ናቸው። በሃያ ዓመቷ ወልቂጤ መጥታ አንዲት ጠባብ ቤትና አንድ የእግር ስፌት መኪና ተከራየች። ያን ጊዜ አፏ እንደ ማናችንም ክፍት ነበር። አንድ ቀን ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴትዮ፣ «የእነ እንትና ልጅ ለሠርጓ ተለካች አሉ፤ ልኳ እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ ሰገነት ጨርቁን እየቀደደች፣ «ወገቧ ትንሽ ሰፋ ብሏል» አለች። ይኸው ነው ያለችው። አራት ቃል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ከሹፌር አርግዛለች ተባለ፤ በሳምንቱ የሙሽራው ሽማግሌዎች ቃላቸውን መለሱ። ልጅቷ ሆድ ውስጥ የነበረው ከመስቀል የተረፈ ክትፎ እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህ ግን ሲታወቅ ልጅቷ አዲስ አበባ ከገባች ዓመት አልፏት ነበር። እናቷ እስከ ዛሬ ሰገነትን መንገድ ላይ ስታገኛት ማዶ ለማዶ ተሻግራ ታልፋለች።

ከዚያ በኋላ የሰገነት አፍ ስፒል ብቻ የሚገባበት ሆነ። የልኬት ደብተሯ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። በየገጹ ራስ ላይ ከደንበኛዋ ጨርቅ የተመዘዘ ክር ይሰፋል፤ ቀይዋ ማን እንደሆነች፣ ከወርቃማው ጋር የተጠለፈው አረንጓዴ የማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አማቶች ሞክረዋል። ቅናት የያዛቸው ባሎች ሞክረዋል። እንደኔ ያለው ወሬ አዳሪማ ስንት ጊዜ ሱሪ አሳጥሮባታል! መልሷ አንድ ነው፤ «ጨርቁ በቅቷታል።»

በዚህ ዓይነት ሠላሳ ዓመት ኖራ፣ ትልቁ ስልክ መጣባት።

ለጥሪ የምትጠቀምበት ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ አላት። ትልቁን የገዛችው ለቴሌግራም ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከቆሼ፣ ከቡታጅራ ሴቶች ልካቸውን እየላኩ ማሰፋት ጀመሩ። ልክ ብቻ ቢሆን ምን ነበር! ሰውነታቸው በትክክል እንዲታይላት በስስ የውስጥ ልብስ ፎቶ ተነስተው ነው የሚልኩት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ደብተሩ ላይ ክር የነበረው ሁሉ ስልኩ ላይ ከነስሙ፣ ከነፎቶው ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ገመና የሚጠብቀው በር ደግሞ አልተቆለፈም ነበር፤ ስልኩን በጣት ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ነው፣ መግባት ነው።

እሷ ግን አላወቀችም። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትተዋለች።

አሁን ወደ ጋሼ ሀብተወልድ እንምጣ። ጋሼ ሀብተወልድ የሰገነት የቤተ ዘመድ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ከዘራቸው ከቁመታቸው የሚረዝም፣ ድምፃቸው ከከዘራቸው የሚረዝም ሰው። እኛ ጉራጌዎች ዘመድነታችንን የምናሳየው በወረቀት አይደለም፤ በመቁጠር ነው። የማን ልጅ ነህ ስትባል አባትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን እያልክ ዘጠኝና አሥር ቤት ወደ ላይ ትወጣለህ፤ ከደረስክ በሩ ይከፈትልሃል። ጋሼ ሀብተወልድ ይህ ቁጥር እንዳይጠፋ ፈሩ። የዛሬ ልጆች አያታቸውን አልፈው ማንንም አያውቁም ብለው አዘኑ። ስለዚህ የቴሌግራም ቻናል አስከፈቱ።

እዚያ ላይ ያላደረጉት ነገር የለም። ከዘር ሐረጉ ጀምሮ የእያንዳንዱ ቤት አባወራ፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ እናት ስም፣ የልጆች ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የስልክ ቁጥር፣ ሁለት ስልክ ያለው ሁለቱም። ሐሰተኛ ዘመድ እንዳይገባ ደግሞ ሁሉም የመታወቂያውን ፎቶ እንዲልክ አዘዙና መታወቂያዎቹን በሙሉ ቻናሉ ላይ እንደ ጎመን ዘር በተኗቸው። ቻናሉ ለማንም ክፍት ነው። ዘመዶቹ ተቆጥረው ስድስት መቶ አይሞሉም፤ የቻናሉ ተከታይ ሁለት ሺህ አለፈ። ጋሼ ሀብተወልድ ይህን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ «ተመስገን! ዘራችን በዛ!» አሉ።

አንዲት ትንሽ ተንኮልም ጨምረውበታል። ከሰባት ትውልድ በላይ ዘርጋና ሞርከማ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። የሰገነት ቤት ከዘርጋ ይወርዳል፤ የጋሼ ሀብተወልድ ቤት ከሞርከማ። ታላቁ ዘርጋ ነው። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለም፤ ምክንያቱም ለመስቀል ሲታረድ የመጀመሪያውን ሥጋ የሚቆርጠው የታላቁ ቤት ነው። ጋሼ ሀብተወልድ ግን ቻናላቸው ላይ ሞርከማን ታላቅ፣ ዘርጋን ታናሽ አድርገው አስጻፉ። የዘርጋ ቤት ሰዎች ተቆጡ፣ ሽማግሌ ላኩ። እሳቸው፣ «አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ አይመለስም አሉኝ» ብለው መለሷቸው።

ወደ ማክሰኞዋ ልመለስ። ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ለመስቀል የሚሰፋው ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሱቁ ውስጥ ኑኃሚን ነበረች፤ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ የምትሠራ፣ ሠርጓ ለጥቅምት የተቆረጠላት ልጅ። ጫፉ ያልተሰፋ የሠርግ ቀሚስ ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች፤ ሰገነት ስፒል በከንፈሯ ይዛ እግሯ ሥር ተንበርክካለች። ትንሹ ስልክ ጮኸ። ሰገነት ድምፁን ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችውና በስፒሎቹ መካከል፣ «አቤት» አለች።

«እትዬ ሰገነት! እንዴት ነሽልኝ! ኪዱ ነኝ፤ የአምሀ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ።»

አምሀ የአጎቷ ልጅ ነው። ሰገነት ስፒሎቹን ተፋቻቸው።

«ኪዱዬ! አንተ፣ ድምፅህ እንዴት ጎረመሰ! አባትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ሰላም በላት ብሎኛል። እትዬ፣ ለመስቀሉ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ምዝገባ እየተካሄደ ነው። እኔ ነኝ የምመዘግበው። የአንቺ ቤት አልተመዘገበም።»

«ምን? የኛ ቤት?»

«አልተመዘገበም። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልሆነ ይዘለላል።»

አሁን እስቲ አስቡት፤ ጉራጌን ለመስቀል ቤትህ ተዘለለ በሉትና ምን እንደሚሆን እዩ። የሠርግ ቀሚሱ ተረሳ፤ ኑኃሚን ከበርጩማው ላይ እንደ ሐውልት ቀረች።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልጄ?»

«ትልቁን ስልክሽን ያዥ። ቴሌግራም ላይ አምስት ቁጥር ይመጣልሻል። እሱን አንብቢልኝ፤ ያልቃል።»

መጣ። ሰገነት ስልኩን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ልኬት ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያውን። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

እዚህ ላይ ሰውዬው ዝም ቢል ኖሮ አሸንፎ ነበር። ግን ሰው አብዝቶ ሲዋሽ ማጣፈጥ ይወዳል።

«ጎበዝ እትዬ! የኛን ቤት ማን ሊዘልል! የጀግናው የዘርጋ ዘር አይደለን፤ የሞርከማ ታናሽ ወንድም የዘርጋ!»

የሰገነት አፍ ተዘጋ።

ከዘርጋ ቤት የተወለደ ልጅ፣ አፉን ሳይፈታ፣ ገና ቆጮ ሳይቀምስ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ዘርጋ ታላቅ መሆኑን ነው። ቢላ ቢደገንበት እንኳ ታናሽ አይለውም። ያንን የሚል አንድ የዓለም ጥግ ብቻ አለ፤ የጋሼ ሀብተወልድ ቻናል።

«እትዬ? አራተኛው ስንት ነው?»

ሰገነት ኑኃሚንን ቀና ብላ አየቻት። ኑኃሚን ፊቷ አመድ መስሎ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «አትስጪው! አትስጪው!» ትላለች። አምስቱ ቁጥር ከሞላለት ሰውዬው ቴሌግራሙን በራሱ ስልክ ይከፍተዋል፤ የእሷ ፎቶዎች ደግሞ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የሌሎች ሰማንያ ሴቶችም። አካውንት የወሰዱ ሰዎች በፎቶ እያስፈራሩ የስንቱን ሠርግ እንዳፈረሱ ኑኃሚን ቢሮዋ ውስጥ ሰምታለች። ሰገነት አንዲት የክትፎ ሆድ አየች፤ መንገድ ተሻግራ የምትሄድ እናት አየች። ሰማንያ እናት።

ያኔ ነው ትልቁን ስልክ ገልብጣ፣ ስፒል ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ ሲሙን ፈልቅቃ ያወጣችው። እጇ የለመደውን አደረገ፤ ከንፈሯ መሀል ወሸቀው።

በዚያች ቅጽበት ደግሞ በሩ ተከፈተ። ናጃህ ነበር፤ በየሳምንቱ ከቡታጅራ ዚፕና ቁልፍ የሚያመጣላት ነጋዴ። ሙሽራ በርጩማ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሰገነት መሬት ላይ ተቀምጣ ሲም አፏ ውስጥ ስትከት አየ። ሰገነት ዞር ብላ በዓይኗ፣ «ውጣ!» ስትለው ምራቋን ዋጥ አደረገች። ምራቋን ነው። ናጃህ ግን የዚፑን ከረጢት በሩ ላይ ጥሎ፣ «ያ ረቢ!» እያለ ሮጠ፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

«እትዬ፣ ሲም ማውጣት ምንም አይጠቅምም!» አለች ኑኃሚን ጆሮዋ ሥር ተጎንብሳ። «ሁለት ቁጥር ነው የቀረው፤ በግምት ሊያገኘው ይችላል። ሲሙን መልሺው፤ ሁለተኛ መቆለፊያ እናስገባለታለን። አንቺ ብቻ አስወሪው።»

ማስወራት! ሠላሳ ዓመት ዝም ያለች ሴት አውሪ ተባለች። ሲሙን ከአፏ አውጥታ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻትና ወደ ትንሹ ስልክ ተጠጋች።

«ኪዱዬ፣ መነጽሬን ፍለጋ ነው። አራተኛው... ስድስት ይመስለኛል። አምስተኛው ስምንት።»

ግድግዳው ሥር የቆመችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት እያየች ነበር። ስልሳ ስምንት የአሻንጉሊቷ ወገብ ነው።

«አልሆነም እትዬ። ደህና አድርገሽ እይው።»

«ውይ፣ ገልብጬው ነው። ዘጠኝና ሁለት።» ደረቷ ነው።

«አልሆነም!»

«አትቆጣኝ እንጂ፣ አክስትህ አይደለሁም? ዘጠኝና ስድስት።» ዳሌዋ።

አሻንጉሊቷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ተለክታ አለቀች። በዚህ መሀል ኑኃሚን ሲሙን መልሳ፣ መስመሩ እስኪመጣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቴሌግራሙ ላይ ሁለተኛ የሚስጥር ቃል እንዲጠይቅ አደረገች፤ ሌላ ስልክ ላይ የተከፈተ ነገር ካለ የሚያሳየውን ገጽ አየች፤ አንድም የለም። አውራ ጣቷን ወደ ላይ አደረገች። ከወዲያ ሰውዬው፣ «ብዙ ጊዜ ሞክረሃል እያለኝ ነው! ምን ዓይነት ሴትዮ ነሽ አንቺ!» ብሎ ጮኸ።

ሰገነት ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ኪዱዬ፣ ዘርጋ ታላቅ ነው» አለችውና ዘጋችበት።

ኑኃሚን ከነቀሚሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም። በኋላ ሰገነት ለአምሀ ስትደውል እውነተኛው ኪዱ ሥራ ላይ ነበር፤ አያቱን አልፎ አንድ ቤት እንኳ መቁጠር የማይችል፣ እንደ ዕድሜ እኩዮቹ ሁሉ ዘርጋ ታላቅ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው።

የሰገነት ፎቶዎች ዳኑ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ስለት አስገብታ ትተኛለች። እሷ ግን ቻናሉን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የራሷን መታወቂያ፣ የሟች እናቷን ስም፣ ሁለት ስልኳን። ያ ሰውዬ ነገ ለሌላ ዘመድ ይደውላል። ሄዳ ጋሼ ሀብተወልድን ለመነቻቸው።

«ጋሼ፣ ይዝጉት።»

«ምን? ዘራችንን ደብቅ ነው የምትዪኝ? ሌባ ነን እንዴ የምንደበቀው?»

«ሌባውማ ተከታይዎ ነው፤ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣» አሉ፤ ሰገነት ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ «ዘር የሚቆጥር ሌባ ኖሮ አያውቅም። ዘር ከቆጠረ ዘመድ ነው። አለቀ።»

አለቀ ያሉትን ቃል ይዛ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ናጃህ የተወውን ሒሳብ ሳይሆን የተወውን ከረጢት ሊያይ በሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሰገነት ቆማ ስታየው አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«ና ግባ፣ አልበላህም። ሲም እንጂ ሰው አልበላም።»

«ወላሂ ሰገነት፣ እኔ ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት።»

«ለአንድ ሰው! ሁለት ከተማ አዳርሰኸኛል። አሁን ትክሰኛለህ።»

«ዚፑን በነጻ ውሰጂው።»

«ዚፕ አልፈልግም። ዘር ትቆጥርልኛለህ።»

«የማንን?»

«የእኔን።»

ናጃህ ጭንቅላቱን ያዘ። «እኔ የመስቃን ሰው ነኝ እኮ፤ ዘርሽ አይደለሁ!»

«እሱን አንተና እኔ ነን የምናውቀው። ስልክህን አውጣና ይኸን ቻናል ክፈት።»

እሑድ ዕለት ቤተ ዘመዱ በጋሼ ሀብተወልድ ግቢ ለመስቀሉ ምክር ተሰበሰበ። ሰገነት ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ ኑኃሚንን እንግዳዬ ናት ብላ ይዛታለች። ሽማግሌዎቹ ገና ስለ ሰንጋው ሲነጋገሩ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም። የሰማን የልጅ ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሰንጋውን ትተው ወደ በሩ ዞሩ። ሰማን ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ቆሼ ቆላ ወርዶ እዚያው የሰለመና የቀረ የዘርጋ ቤት ሰው ነው። ጋሼ ሀብተወልድ ቻናላቸው ላይ፣ «የሰማን ልጆች፣ ይህን ካያችሁ ኑ፤ ደማችሁ ይጠራችኋል» ብለው ማስታወቂያ አውጥተው ነበር።

«ቁጠር፤ ልጄ» አሉ ጋሼ ሀብተወልድ ከዘራቸውን ወደ እሱ እየጠቆሙ።

ናጃህ ቆጠረ። ከሰማን ተነሥቶ አንድ ቤት ሳይዘል፣ አንድ ቤት ሳይደግም፣ የሚስቶቹን እናት ስም እንኳ እየጨመረ አሥር ቤት ወጣ። «የሞርከማ ታናሽ ወንድም ዘርጋ» ያለ ጊዜ የዘርጋ ቤት ሰዎች ፊታቸው ቢጠቁርም፣ የጠፋ ልጅ ነው፣ ቆላ ያደገ ነው ብለው አለፉት። ጋሼ ሀብተወልድ ተነሥተው አቀፉት፤ አለቀሱ። እልል ተባለ። ከጎናቸው አስቀመጡት።

«አንድ በግ ይምጣ!» አሉ። «ጎረቤታችን ሰይዶ ይጠራ፤ በሙስሊም እጅ ይታረድለት!» ሰይዶ ቢላውን እየጠረገ መጣ። በጉ መጣ። ናጃህ በጉን አየ፤ ሰገነትን አየ። ሰገነት ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

«ደግሞ ስማኝ ልጄ፤» አሉ ጋሼ ሀብተወልድ እጁን እንደያዙ፤ «የሰማን የእንሰት ቦታ ሠላሳ ዓመት ጠብቄልሃለሁ። ነገ ወስጄ ወሰኑን አሳይሃለሁ።»

ናጃህ ላብ በላብ ሆነ። «ኧረ ግዴለም አባቴ፣ እንሰት አልወድም...»

ሳቅ ሆነ። እንሰት የማይወድ የጉራጌ ልጅ! ሰገነት ያኔ ተነሣች።

«ይቅርታ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቀው። አንተ፣ የአባትህ ስም ማነው? የእውነቱን።»

«ዑመይር።»

«አገርህ?»

«ቡታጅራ። መስቃን።»

«ሥራህ?»

«ዚፕና ቁልፍ አከፋፍላለሁ።»

«ዘራችንን ማን ነገረህ?»

ናጃህ ስልኩን ከጀለቢያው ኪስ አወጣ። «ጋሼ ናቸው። ቻናላቸው ላይ። ሚኒባሱ ጉብሬ ሳይደርስ ጨርሼው ነበር።»

ሰይዶ ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በጉ ግን ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ዘር የቆጠረ ዘመድ ነው ብለውኝ ነበር፤» አለች ሰገነት። ድምፅዋን አላነሳችም። «ይኸው ዚፕ ነጋዴ መሬት ሊወርስ ነበር። ይህ ደግ ሰው ስለሆነ መሬቱን እምቢ አለ። ባለፈው ለእኔ የደወለው ግን እንዲህ አላፈረም። ስልክ ቁጥሬን ከዚያው አገኘ፤ የአምሀን ልጅ ስም ከዚያው አገኘ። እኔ ጋ የሰው ልጆች ፎቶ አለ፤ አምነው የሰጡኝ። እርስዎ ጋ የስድስት መቶ ሰው መታወቂያ አለ፤ አምነው የሰጡዎት። እኔ ልኬት በክር ነው የምጽፈው። እርስዎ እኛን አደባባይ ላይ ሰቅለውናል።»

ጋሼ ሀብተወልድ ከዘራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ ይህን ለክብራቸው እናገራለሁ፣ ስልካቸውን አውጥተው ለኑኃሚን ሰጡ።

«አጥፊው፤ ልጄ። ግን ቅድመ አያቶቹን ተዪልኝ። እነሱ ስልክ የላቸውም።»

ግቢው በእልልታ ተሞላ፤ ከቅድሙ የሚበልጥ እልልታ። መታወቂያዎቹ ወረዱ፤ የእናቶች ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ ወረደ። ቻናሉ ተዘግቶ ሌላ ቡድን ተከፈተ፤ መግቢያው ዘር መቁጠር መሆኑ ቀረና ለሚገባው ሰው ቤቱ ገብቶ አብሮት የበላ ዘመድ ቆሞ «አውቀዋለሁ» እንዲልለት ሆነ። ከዚያ ኑኃሚን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽማግሌዎቹን በሰልፍ ተቀበለቻቸው፤ የየአንዳንዳቸውን ስልክ በሁለተኛ መቆለፊያ ልትቆልፍ።

«አባባ፣ የሚስጥር ቃል ይምረጡ። እኔ ዞር እላለሁ፤ ራስዎ ይጻፉት።»

«ቡሬ!» ብለው ጮኹ አንዱ። «የላሜ ስም ነው፤ ቡሬ!»

«ኧረ አይንገሩኝ! ሌላ፣ ሌላ!»

«እሺ፤ የጥጃዋን ስም ላድርገው፤ እሷ ደግሞ...»

ሰልፉ በሙሉ፣ «ዝም በሉ!» አላቸው።

«የአያት ስምም አይሆንም፤» አለች ሰገነት ከኋላ እየተዘዋወረች፤ «የልጅ ስምም፣ የልደት ቀንም አይሆንም። ሚስትዎ የማታውቀው ይሁን።» አንዲት እናት፣ «እንዲህ ያለ ነገር እሱ የለውም» ብትል ግቢው ተንጫጫ። ናጃህ እንኳ የሠራው ሥራ ተመስግኖለት፣ በሰይዶ እጅ የታረደውን በግ በክብር በላ። ማታ ቡታጅራ የተመለሰው ሚኒባስ ሙሉ አዲስ ወሬ ይዞ ነበር፤ በዚህኛው ወሬ ሰገነት ሌባውን በስልክ ይዛ፣ በስፒል ወግታ ገድላዋለች።

ምሳ ላይ ሁሉም ተደስቶ፣ ጠግቦ፣ እጁን ሲታጠብ ጋሼ ሀብተወልድ ትንሽ ክብራቸውን ማስመለስ ፈለጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «የሆነ ሆኖ፣ አስተዋይዋ ሰገነታችንም ቢሆን ሦስት ቁጥር ሰጥታለች አሉ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ወጣቶቹ ሳቁ። «ሦስት! ሰገነት! እሷም!» ተባለ።

ሰገነት ሳቁ እስኪያልቅ እጇን በፎጣ አደረቀች።

«እውነት ነው፤ ሦስት ሰጥቻለሁ» አለች። «ሰውዬው ግን ለእኔ ብቻ አልደወለም። እስቲ አምስቱንም የሰጣችሁ እጃችሁን አውጡ።»